ቢላ ያልነካው ሬሳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በክት መብላት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጸየፈው ነው። ችግር የሚመጣው ከብቱ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጠዋት ደህና የወጣ በሬ ከሰዓት ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ይወድቃል። ባለቤቱ ‹‹ሳይሞት ቢላ ይድረስለት›› ይላል። ጎረቤትም እንዳይከስርበት ሥጋውን ተከፋፍሎ ገንዘብ ያዋጣለታል። ደግነት ነው፤ ነገር ግን አባ ሰንጋ ወደ ሰው ከሚሻገርባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

አባ ሰንጋ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ሬሳው ካልተከፈተ በውስጡ ያለው ተህዋሲ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ከሥጋው ጋር በስብሶ ይሞታል። ቢላ ገብቶ ደሙ አየር ሲያገኝ ግን ተህዋሲው ጠንካራ ሽፋን ያበጅና እንደ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ሥጋውን መቀቀልም አስተማማኝ አይደለም። በፈረንሳይ የቦስ አውራጃ ገበሬዎች በጎቻቸው በየጊዜው የሚያልቁባቸውን ማሳዎች ‹‹የተረገሙ›› ይሏቸው ነበር። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1881 የአባ ሰንጋን ክትባት በአደባባይ ሲያሳይ የተከተቡት በጎች ተረፉ፤ ያልተከተቡት አለቁ።

በሮቤና በጎባ ዙሪያ ስንዴና ገብሱ ከታጨደ በኋላ የብዙ ሰው ከብት በአንድ ማሳ ይሰማራል፣ በአንድ ሆራ ይጠጣል። በጎደንቱ ጊዜ ደግሞ መንጋው በደጋና በቆላ መካከል ይዘዋወራል። ከብት አጭር ሣር ሲግጥ አፈሩን አብሮ ይልሳል። ስለዚህ አንዱ ያረደው በሬ የሌላውን መንጋ ይጎዳል፤ ብድሬም ቢሆን ጎባ።

ድንገት የሞተ ከብት ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ካፈሰሰ አይገፈፍ፣ አይከፈት፣ ለውሻም አይጣል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፤ እንዳለ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ቦታው ይታጠር። ሰው ላይ በአብዛኛው እጅ፣ ፊት ወይም አንገት ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፤ ቆይቶ የማያም መሐሉ ጥቁር ቁስል ይሆናል። በአንዳንድ አካባቢ ‹‹መርፌ ያባብሰዋል›› እየተባለ ሰው ከጤና ጣቢያ ይቀራል። ስሕተት ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ሥጋው ተበልቶ ሆድ ውስጥ የገባው ግን እጅግ የከፋ ነው።

ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ በየዓመቱ መደገም አለበት። ግማሹ አስከትቦ ግማሹ ከቀረ ያልተከተበው መንጋ ለበሽታው እንደተጋለጠ ይቀራል፤ አፈሩም ሊበከል ይችላል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ጥማድ በሬው የወደቀበትን ገበሬ ‹‹ቅበረው›› ብሎ መሄድ ቀላል ምክር ነው። እርሱ የሚያስበው የዘር ጊዜውን ነው። ጎረቤት ለሥጋው ያዋጣ የነበረውን ገንዘብ ሥጋ ሳይወስድ ቢያዋጣለት ቢላውን ማስቀመጥ ይቀለው ነበር። እድር ለሰው ቀብር ያዋጣል፤ መሠረታዊ ማኅበራትም ለበሬ ቀብር የሚሆን አነስተኛ መዋጮ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤያቸው አጀንዳ ቢያደርጉት፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎችንም አስቀድመው ቢመድቡ ይቻላል።