የራያ ዝናብ ከባሕር ይነሳል፤ መዝጋቢው ግን አንተ ነህ

(በቆቦ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። መገኘት ላልቻላችሁ ሙሉውን እነሆ።)



በዚህ ጊዜ ስለ ባሕር በር የማያወራ ሰው የለም። ወደብ ይባላል፣ መርከብ ይባላል፣ ኪራይ ይባላል። ይነገር፣ ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንንም ሳያስፈቅድ በየዓመቱ ቤታችን ስለሚገባው ባሕር ላወራችሁ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ዞብል አናት ላይ የሚከመረው ደመና ከየት የመጣ ይመስልሃል? የበልጋችን እርጥበት በአብዛኛው በአረብ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ በኩል በሚነፍስ ነፋስ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ወደ ማዳጋስካር ግድም አውሎ ነፋስ ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳባል፣ የእኛ በልግ ይሳሳል። ክረምቱ ደግሞ ከእኛ እጅግ ከራቀው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የተሳሰረ ነው። በምድር ወገብ ላይ ያለው የፓስፊክ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ የሚሉት ማለት ነው፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል።

"ይሄ ለቆቦ ገበሬ ምኑ ነው?" ትለኝ ይሆናል። ዘሩ ነው! አባትህን ጠይቀው። ደጋሊትና ጅጉርቲን የመሰለ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ ሚያዝያ ላይ የበልጉን እርጥበት ይዞ ነው የሚዘራው። በልጉ ከቀረ ያንን ማሽላ መዝራት ቁማር ነው። ቶሎ የሚደርስ ዘር መፈለግ፣ ካልሆነም መሬቱን ለጤፍ ማቆየት ይመጣል። ስሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ለእንዲህ ዓይነቱ ዝናብ አጠር ቆላ የሚሆኑ የማሽላ ዘሮች ሲያወጣ የኖረው ለዚህ ነው። እንግዲህ መጋቢት ላይ የሰማዩን አዝማሚያ ያወቀ ገበሬ ዘሩን ያተርፋል። ያላወቀ ሁለቴ ይዘራል፣ ሁለቴ ይበደራል።

ታዲያ ባሕሩ ምን እያሰበ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? እዚያው ባሕሩ ላይ መሣሪያ በማቆም ነው። ውቅያኖስ መሐል ላይ ተንሳፋፊ ጣቢያ ይጣላል፤ ጥልቀቱ 4 ሺህ ሜትር በሚሆን ውሃ ውስጥ በገመድና በከባድ መልሕቅ ከወለሉ ጋር ይታሰራል። ከላይ ያለው መሣሪያ ነፋሱን፣ የአየሩን ሙቀትና እርጥበቱን ይለካል። በገመዱ ላይ የተደረደሩት ደግሞ እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ድረስ የውሃውን ሙቀት ይለካሉ። የተለካው በሳተላይት ይላካል። ለምን ወደ ታች? ሙቀቱ የሚደበቀው ከሥር ስለሆነ ነው። ሳተላይት የባሕሩን ቆዳ ያያል፤ ከወራት በኋላ ብቅ የሚለውን ሙቀት ግን ከሥር ያለው መለኪያ ነው ቀድሞ የሚያገኘው።

ይህ ከመደረጉ በፊት ዓለም ራሷ ዕውር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1982 በዘመኑ ከታዩት ሁሉ የበረታ ኤል ኒኞ ሲነሳ፣ ሊቃውንቱ ጫፍ ሊደርስ እስኪል ድረስ መኖሩን እንኳ በቅጡ አላወቁም። ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ነው ፓስፊክን ከዳር እስከ ዳር 70 በሚሆኑ የታሰሩ ጣቢያዎች የሞሉት፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 ተጠናቀቀ። ውጤቱን በእኛ ዕድሜ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ኤል ኒኞ ሲመጣ እየታየ ነው የመጣው። አገራችን ውስጥ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ ቁስሉ ቀላል አልነበረም። የሰባ ሰባቱ ዓይነት እልቂት ግን አልተደገመም። ቀድሞ ማወቅ ብቻውን እህል አይሆንም፤ እህሉ በጊዜ እንዲነሳ ግን ያደርጋል።

አሁን ወደ እኛው ባሕር እንመለስ። በሕንድ ውቅያኖስ ላይም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሕንድ፣ ጃፓን፣ አሜሪካና ሌሎችም ተባብረው የ46 ጣቢያዎች መረብ ለመዘርጋት ተነሱ። መረቡ ግን በአንድ በኩል ክፍት ሆኖ ቀረ። የቱ በኩል መሰለህ? በምዕራብ፣ በሶማሊያ ዳርቻ፣ ማለት ለእኛ የሚቀርበው ክፍል ነው። የባሕር ላይ ወንበዴዎች መርከብ ስለሚያግቱ ጣቢያ የሚተክልና የሚጠግን መርከብ ወደዚያ መሄድ ፈራ። የእኛን ዝናብ ከሚወስነው ባሕር ውስጥ ትልቁ ቁራጭ ለዓመታት ጠባቂ አጥቶ ኖረ።

ሰው አልባ ጀልባ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚነሳው። "ሰው አልባ" ሲባል ልብህ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ በእኛ ምድር ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዟል። ይሄኛው ግን የሚጥለው ነገር የለም፣ ያነባል እንጂ። ሴይልድሮን የሚባለው ርዝመቱ 7 ሜትር ነው፤ በነፋስ ይጓዛል፣ መሣሪያዎቹ በፀሐይ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ከእነዚህ አንዱ አትላንቲክ ላይ ሳም የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ውስጥ ገባ። ማዕበሉ 15 ሜትር፣ ነፋሱ በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እዚያ መሐል ሆኖ ቪዲዮ እየቀረጸ፣ እየለካ ላከ። ሰው ስለሌለበት የሚሞትበትም የሚታገትበትም የለም። አርጎ የሚባሉ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ጠላቂ መለኪያዎችም አሉ፤ እስከ 2 ሺህ ሜትር ወርደው በየ10 ቀኑ ብቅ እያሉ መረጃ ይልካሉ። የብዙዎቹ መረጃ ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ካለህ ስልክህ ላይ ታየዋለህ።

ባሕርን አለማየት ምን እንደሚያስከፍል ራያ ከማንም በላይ ያውቃል። አንበጣውን አስታውስ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲል ሰማዩን የሸፈነው መንጋ ጅማሬው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በ2010 ግንቦት ላይ መኩኑ፣ በ2011 ጥቅምት ላይ ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች ከአረብ ባሕር ተነስተው የአረቢያን ባዶ በረሃ አራሱት። ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ ላይ አንበጣው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል ባልተለመደ ሁኔታ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በዝናብ አጥለቀለቀ፣ መንጋው ያላሰበውን ግጦሽ አገኘ። የዚያ ሁሉ መጨረሻ ራያ ቆቦ ማሳ ላይ ነበር። እናቶቻችን ቆርቆሮ እየመቱ፣ አባቶቻችን ጅራፍ እያጮኹ ነው የተከላከሉት። በቆርቆሮ!

አሁን የምናገረውን ልብ በል። ባሕሩን ሌሎች እየለኩልን ነው፣ እሰየው። ምድራችንን ግን ማን ይለካል? ቆላችን ዝናቡ እንደ ጥላ የሚዞርበት አገር ነው። ቆቦ ላይ ዘንቦ ሮቢት ይደርቃል፤ ጎብዬ ሲያረጥብ ከተራራው ሥር ያለው ቀበሌ አቧራ ይነሳበታል። ከተማ ላይ ያለ አንድ ጣቢያ የዚያን ሁሉ ማሳ ታሪክ አይናገርም። ሳተላይቱና የባሕሩ መረጃ የሚያወጣው ትንበያ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው እዚህ፣ መሬት ላይ በተለካ ሚሊ ሜትር ነው። መሬት ላይ የሚለካ ከሌለ ትንበያው ለእኛ ማሳ ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቅ የለም።

ደግሞም ያልተመዘገበ መከራ አልደረሰም ይባላል። በ1965ና በ66 የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፋፈነ። ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ያጋለጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ፤ ዓለም ግን የሰማው በ1966 ጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ሲያሳይ ነው። በሰባ ሰባትም መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በመብራትና በሰልፍ አከበረ፤ ወር ተኩል ሳይሞላ የሞሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ድምፅ ኮረምን ለዓለም አሳየ። ሁለት ጊዜ የእኛን ሞት የተናገረልን የውጭ ሰው ነው። ዝናብ የነፈገን ሰማይ ነው፤ ድርቁን ረሃብ ያደረገው ግን የሰው ዝምታና የሰው ጦርነት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ካሜራ እስኪመጣ አንጠብቅም።

ስለዚህ ከዚህ ስትነሱ ሥራ ይዛችሁ ተነሱ። አፉም ወለሉም እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ፈልጉ። ማስመሪያ ይኑራችሁ። ከቤትና ከዛፍ አርቃችሁ ትከሉት፤ ርቀቱ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ይሁን። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አንብባችሁ ጻፉና ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ያልዘነበ ቀን ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ዜሮም መረጃ ነው። በልጉ መቼ ገባ፣ ማሽላው መቼ ተዘራ፣ የጎርፍ ጠለፋው ስንት ጊዜ ማሳ ደረሰ፣ እሱንም ጨምሩ። በቴሌግራም ሰብስቡት፤ ግልባጩን ለወረዳው ግብርናና ኮምቦልቻ ላለው የሜትሮሎጂ ማዕከል ስጡ። ጎሊና ሞልቶ ሲወርድ አፋር ወንድማችን ዘንድ ነው የሚደርሰውና ለእነሱም አካፍሉ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። መትከል ቀላል ነው፣ ማቆየት ነው ከባዱ። ያ የፓስፊክ መረብ እንኳ፣ ሀብታም አገር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የሚጠግነው መርከብ ከሥራ ሲወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚልከው መረጃ ወደ 40 በመቶ አሽቆለቆለ። መሣሪያው ነበረ፣ ዞሮ የሚያየው ነው የጠፋው። እኛም ሞቅ ያለ ቀን ተክለን ሰኔ ላይ ከረሳነው መፈክር ብቻ ነው የቀረን። አንድ ልጅ ቢታመም ወይ ለትምህርት ቢሄድ የሚተካው ሁለተኛ ልጅ ከዛሬው ይሰየም።

ሕዝቤን እወዳለሁ የምትል ወንድሜ፣ ባንዲራ መያዙንማ ሁላችንም እንችልበታለን። አባትህ መጋቢት ላይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ዞብል ሲያይ "ምን ይመስልሃል ልጄ?" ብሎ ሲጠይቅህ የምትመልሰው ቁጥር ይኑርህ። ደብተሩን ዛሬ ግዛ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምር።

እግዚአብሔር ምድራችንን በዝናብ ይጎብኝልን! አንብባችሁ ስትጨርሱ በየቀበሌው ላለ ጓደኛችሁ አድርሱልን።