ለድመታችን የሰጠናት ኪኒን



በቤታችን እህሉን ከአይጥ የምትጠብቅ ድመት ነበረችን። በታመመች ጊዜ እኛ ልጆች አዝነን የፓራሲታሞል ኪኒን በወተት በጥብጠን አጠጣናት። ድዷ እንደ ቡና ጠቆረ፤ ትንፋሿ አጠረ፤ በማግሥቱም ሞተች። ለርኅራኄ ብለን ያደረግነው ገደላት።

የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው ጉበት አጣርቶ ሊያስወግደው አይችልም፤ ስለዚህ ደሟ ይበላሽና ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ድመትን ለመግደል ይበቃል። አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፤ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

እንግዲህ ኪኒን በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ መሬት የወደቀውም ወዲያው ይነሣ። እንስሳችን ኪኒን ቢውጥ፥ መያዣውን ይዘን ሳንዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም እንሂድ። እኛ የተማርነው ዘግይተን ነው፤ እናንተ ግን ሳይመሽ እወቁት።