የምርጫ ክልል እንዴት ይከለላል?

ዛሬ ስለ ምርጫ ክልል እናወራለን። የምርጫ ክልል ማለት ለተወካዮች ምክር ቤት አንድ አባል የሚመርጥ አካባቢ ነው።

እስቲ ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። ለየቤቱ አንድ አንድ የማሽላ እንጀራ ይደርሳል። መጀመሪያ የሁለቱም ቤተሰብ ብዛት እኩል ነበር። ዓመታት አለፉና በአንዱ ቤት ልጆች በዙ። እንጀራው ግን ያው አንድ ነው! ታዲያ ይህ ፍትሐዊ ነው? አይደለም። የምርጫ ክልልም እንደዚሁ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ወሰኑ ካልተስተካከለ፣ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ያንሳል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 መላ አበጅቶለታል። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። ከዚያ በውጤቱ መሠረት ምርጫ ቦርድ የምርጫ ክልሎችን ወሰን ረቂቅ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ነገር ግን የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ለመምረጥ ደርሰዋል! ይህ መዘግየት ሊያሳስበን ይገባል። ስለዚህ ቆጣሪ ደጃችሁ ሲመጣ፣ ሕፃን አዛውንት ሳትሉ ሁሉንም አስቆጥሩ።