የመማሪያ መጻሕፍትን አሳትመን ስለመሸጥ
(ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የሰጣችሁን ጥያቄ አንድ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ልጆቻችን ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርዱትን መማሪያ መጻሕፍት አሳትመን ብንሸጥ ያዋጣናል ወይ? ያዋጣናል፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

በመጀመሪያ ስሕተታችንን እንናገር። በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁት የኦፕን ስታክስ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ዓይነት ፈቃድ ያላቸው መስሎን፣ ለካልኩለስ መጽሐፍ ከእናቶች ቀብድ ተቀበልን። ኋላ የፊተኞቹን ገጾች ስናነብ ለንግድ እንዳይውል የሚከለክል ሆኖ አገኘነው። ገንዘቡን በየቤቱ ዞረን መለስን፤ አፍረናል። አሁን ፋይሉ በፍላሽ ተቀምጧል። የፈለገ ተማሪ ወስዶ ለራሱ ያስባዛል፤ ማኅበሩ ሳንቲም አያገኝበትም።

የባዮሎጂው ሁለተኛ እትም ግን የአዘጋጆቹን ስምና ፈቃዱን እስከጠቀስን፣ የለወጥነውንም እስከገለጽን ድረስ ማባዛትም መሸጥም ይፈቅዳል። ሽፋኑና ዓርማው በፈቃዱ ውስጥ ስለማይገቡ ሽፋን ራሳችን እንሠራለን።

ወደ ወጪው እንምጣ። ማተሚያ ቤት በኦፍሴት ሲያትም ፕሌት ማውጣቱና ማሽን ማዘጋጀቱ ለ100 ቅጂም ለ1000 ቅጂም ያው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ላሳተመ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚያስከፍለው በገጽ ነው። ከመካከላችን «500 በኦፍሴት እናሳትም» ያሉ አሉ፤ ሂሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ዳሩ ግን መምህሩ በዓመቱ ምዕራፍ ቢቀይር ተከምሮ የሚቀረው ቁጠባችን ነው። መጋዘንም የለንም፤ አይጥ ግን አለን።

መጽሐፉ ከ1000 ገጽ ይበልጣል፣ ሙሉውን የሚገዛን የለም። ስለዚህ መምህሩ የሚያስተምርባቸው ምዕራፎች ብቻ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በወረቀቱ ሁለት ፊት፣ በስፓይራል ተጠርዘው፣ ቀብድ በከፈሉት ተማሪዎች ቁጥር ልክ ይባዙ ብለናል። ባለቀለሙ ሥዕል መደብዘዙ አይቀርም፤ ለእሱ ፋይሉን በስልካቸው እንጭንላቸዋለን። በዋጋው ላይ የምንጨምረው የትራንስፖርትና የምትሸጠውን እህት ድካም ያህል ነው። በነጻ እንደሚወርድም ለገዢው እንነግረዋለን፤ ይህን ያልወደዳችሁት እንዳላችሁ እናውቃለን።

ደጋፊዎቻችን፣ የምንለምናችሁ የ500 ቅጂ ወጪ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ቀብድ መክፈል ላልቻሉት ልጆች እናንተ ቀብዱን እንድትይዙላቸው ነው። ዝርዝራቸው በጸሐፊያችን እጅ አለ።