በአሥራ አንድ ሰዓት ስለ መጣው ሠራተኛ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል ሳምንት እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሰልፍ ላይ አጭር ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። የመረጥነው ርእስ የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። ይህ ርእስ ለካህናትና ለሊቃውንት የሚገባ መሆኑን አላጣነውም፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት በክፍላችን የደረሰው ነገር ሳንወድ በግድ ወደዚሁ ጥያቄ ስላመጣን፣ እንደ አዋቂ ሳይሆን እንደ ተቸገረ ሰው እንናገራለን።

እኛ ተማሪዎች የምንኖረው በማርክ ነው። የሠራ ያልፋል፤ ያልሠራ ይወድቃል። ስለዚህ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 ያለውን የወይን አትክልት ምሳሌ ስናነብ ነገሩ ግራ ያጋባናል። ባለቤቱ በማለዳ፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት ሠራተኞችን ጠራ፤ ሲመሽም ለሁሉም እኩል አንዳንድ ዲናር ከፈለ። ይህን የሰዓት አቈጣጠር ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን አስተርጓሚ አያስፈልገንም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ማለት የቀን ሠራተኛ አካፋውን አጥቦ ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚያስብበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት የመጣው ሰው የሙሉ ቀን ደመወዝ ሲወስድ፣ ከማለዳ ጀምሮ ፀሓይ የመታው ቢያጕረመርም ማን ይፈርድበታል? እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ አብዛኞቹ ከሚያጕረመርሙት ጋር ነበርን።

ጸጋ ግን ስጦታ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀንዋ ይጠመቃሉ። የ40 ቀን ሕፃን ምን ሠርቶ፣ የትኛውንስ ፈተና አልፎ ነው የእግዚአብሔር ልጅ የተባለው? ሥራው ማልቀስና መጥባት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። የምንናገረውም ባለጉዳዩ ፈቅዶልን ነው። የክፍላችንን የመዋጮ ገንዘብ ይይዝ የነበረ አንድ ጓደኛችን ገንዘቡን አጠፋው። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀረ። ሲመለስም በአጠገቡ የሚቀመጥ ታጣ። ስሙ ከመታሰቢያው መጽሐፍ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ተነሣለት።

በዚያው ስብሰባ አንዲት እኅታችን ተነሥታ ጳውሎስ ወደ ፊልሞን የላከውን መልእክት አነበበችልን። 25 ቍጥር ብቻ ያላት አጭር መልእክት ናት። አናሲሞስ የፊልሞን ባሪያ ነበረ፤ ከጌታው ተለይቶ ሳለ ጳውሎስን በእስር ቤት አገኘውና በእርሱ ትምህርት አመነ። ጳውሎስም መልሶ ሲሰደው፣ ፊልሞን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነ። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የሚቀጥለው ነው፤ አናሲሞስ ዕዳ ቢኖርበት ዕዳው በጳውሎስ ላይ እንዲቈጠር በገዛ እጁ ጽፎ ዋስ ሆነለት። ዕዳ የለም አላለም። ዕዳው አለ፤ የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። የመስቀሉም ነገር ይኸው ነው ብለን እናምናለን። እስከዚያች ቀን ድረስ ይቅርታ ማለት ጥፋትን እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ይመስለን ነበር።

ከዚህ በኋላ የጎደለውን ገንዘብ ተካፍለን ልንከፍል ተስማማን። ሁላችን በደስታ ከፈልን ብንል ውሸት ይሆናል። አንዳንዱ እያጕረመረመ፣ አንዳንዱም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሰጠ፤ ይህን ንግግር ከጻፍነውም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አልጠፋም።

ያላሰብነው ነገር የእርሱ እንቢታ ነበር። ሠርቼ ካልከፈልሁ ከእናንተ ጋር ፎቶግራፍ አልነሣም አለ። ለእኛ መስጠት ከብዶን ነበር፤ ለእርሱ ደግሞ መቀበል ከበደው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረለት የጠፋው ልጅም ወደ ቤቱ ሲመለስ ያሰበው እንደ ቅጥር ሠራተኛ ሊያድር ነበር፤ አባቱ ግን ያሰበውን ቃል እንኳ ሳያስጨርሰው ልብስና ቀለበት፣ ጫማም አስመጣለት። ይህን ነገርነው፤ ዝም አለ።

ፎቶግራፍ አንሺው በመጣበት ቀን፣ ሁላችን ከተሰለፍን በኋላ ብቻውን መጣ። ከመካከል ቦታ ለቀቅንለት። እርሱ ግን ወደ ኋላው ረድፍ ሄዶ ዳር ላይ ቆመ፤ በሚታተመው መጽሐፍ ውስጥ ፊቱ በግማሽ ብቻ ይታያል።