ሹታፍ ፍለጋ አዲስ አበባ፦ ስማችሁን ከማበደራችሁ በፊት

የዛሬው ጉዳይ ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ለምትሠሩ ወይም ለመግባት ለምታስቡ ልጆች ነው። ድርጅታችሁ የላቦራቶሪ መሣሪያ ይሠራል እንበል፤ ኢትዮጵያ መሸጥ ይፈልጋል። መንካሉ ይጠራችሁና «አንተ አማርኛ ትችላለህ፣ እዛ አንድ ሹታፍ ፈልግልን» ይላል። ደስ ይላል አይደል? ቀስ በሉ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሽርካ ያስፈልገናል ወይ?» ነው። በ2020 (ሁሉንም ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180፣ የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር ቢያንስ 150,000 ዶላር እንዲመድብ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሽርካ ፍለጋ ይሮጣል። ለ50,000 ዶላር ልዩነት ብሎ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሰው መምረጥ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለጥሎሽ ሲባል ማግባት ነው።

ዕቃ መሸጥ ብቻ ከሆነ የሚበቃው ወኪል ነው። ግን ወኪልም ቀላል አይደለም። የሕክምና መሣሪያ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ ለምዝገባው ደግሞ የወኪልነት ውሉ አብሮ ይቀርባል። ስለዚህ በኋላ ወኪል መቀየር ስልክ ቁጥር እንደ መቀየር አይደለም። ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ካልሸጠ እንዴት እንደምትለያዩ፣ የምዝገባው ሰነድ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ የማይሸጥ ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጥባችኋል።

አሁን ወደ እናንተው ልምጣ። ወላጁ ወይም አያቱ ኢትዮጵያዊ ዜጋ የነበረ ሰው በ2002 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ ማውጣት ይችላል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከፈለገ ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። አያችሁት? መንካሉ ዞሮ «ታዲያ ሹታፉ አንተው ሁን፣ ወረቀት ብቻ ነው» ሊል ይችላል።

ወረቀት ብቻ የሚባል ነገር የለም። ሥራ አስኪያጅ ተብላችሁ ከተመዘገባችሁ የግብር ደብዳቤውም ክሱም የሚፈልገው እናንተን ነው። ትርፍን በውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ የመላክ መብት በአዋጁ የተሰጠው ደግሞ ለውጭ ባለሀብት ነው። ድርጅቱ ዶላሩን ወደ እስራኤል ሲልክ የእናንተ ድርሻ ብር ሆኖ እዚያው ሊቀር ይችላል። እሺ ከማለታችሁ በፊት ድርሻችሁ ስንት እንደሆነ፣ ኃላፊነቱን ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ ይሁን፤ ውሉንም የድርጅቱ ሳይሆን የራሳችሁ ጠበቃ ይየው።

«አጎቴ ጎንደር ነጋዴ ነው» የምትሉም አላችሁ። አጎት ይከበራል፣ ቡናውም ይጠጣል። ግን ንግድ ፈቃዱ ታድሷል ወይ? የዕድሳቱ ጊዜ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ በጥር ያልታደሰ ፈቃድ ካያችሁ ጠይቁ። ቲን ቁጥሩስ? ላቦራቶሪ ዕቃ ሸጦ ያውቃል ወይስ ሲሚንቶ ነው የሚሸጠው? ዘመድን ይህን መጠየቅ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ከተጣሉ በኋላ ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ግን የባሰ ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ፈተና ወኪሉ ዕቃ ወደሸጠላቸው ሁለት ሦስት ሆስፒታሎች መሄድ ነው። ኃላፊውን ሳይሆን ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠራውን ባለሙያ አነጋግሩ። «ማሽኑ ሲበላሽ ማን ይመጣል? በስንት ቀን? መለዋወጫው ከየት ነው?» በሉት። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ማሽን ካሳያችሁ፣ ማን እንዳመጣው ጠይቁና ስሙን ጻፉ።

ለዛሬ ይሄው ነው። ሰላም ሁኑ፣ ሌሂትራኦት።