የነገን ሥዕል ማን ይከፍልለታል?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥዕል ክበቡ ስም የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ ይልቁንም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሥዕል፣ ሮኬትና ባለ ስድስት እጅ ፍጡር የሚሣልበት የልጆች መጫወቻ ነው የሚል አስተያየት በመካከላችን እንዳለ እናውቃለን። እኛ ግን ከዚህ የተለየ እምነት አለን። ከመቶ ዓመት በኋላ ከተማው ምን ይመስላል፣ ውሃው የማን ነው፣ መኪናው ለማን ይሠራል፣ ማን ያዛል፣ ማንስ ይታዘዛል ብሎ በእርሳሱ የጠየቀ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም ስለ ፖለቲካ ተናግሯል። ስለዚህ የነገን ሥዕል የሚሠሩ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ክበብ እንዴት ይተዳደር፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ለገንዘብ ያዡ ብቻ የሚተው አይደለም።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ክበባችን በየሁለት ወሩ የሚያወጣት ባለ 16 ገጽ የሥዕል መጽሔት ወረቀትና ቀለም እያጠራት መጥታለች። ይህን የሰሙ አንድ ነጋዴ የወረቀቱንና የቀለሙን ዋጋ እኔ ልቻል፣ የመጨረሻው ገጽ ግን ለሸቀጤ ማስታወቂያ ይሁንልኝ ብለዋል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያቀረቡትም ሐሳብ በቅን ልብ የመጣ ነው። ዛሬ ድምፅ የምንሰጠው በዚሁ ላይ ስለሆነ፣ አስቀድመን በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ ወጣቶች የገጠማቸውን ብንመለከት ይበጀናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1926 ሁጎ ገርንስባክ የተባለ፣ ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት በኒው ዮርክ አቋቋመ። የሽፋኑን ሥዕል ፍራንክ ፖል የተባለ ሠዓሊ ይሠራለት ነበር። ገርንስባክ የአንባብያንን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ስለ ነበር፣ በተለያየ ከተማ የሚኖሩ ወጣቶች በዚያ አድራሻ እየተፈላለጉ መጻጻፍ ጀመሩ። መጽሔቱ የነጋዴ ነበር፤ ወዳጅነቱ ግን የራሳቸው ሆነ። በ1930 ከነዚህ ወጣቶች ክበብ «ዘ ኮሜት» የተባለች ትንሽ ጽሑፍ ወጣች፤ ከርሷም ወዲህ መሰሎቿ በዙ። በ1940 «ፋንዚን» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ትርጓሜውም የአፍቃሪዎች መጽሔት እንደ ማለት ነው።

የነዚህ ጽሑፎች ማባዣ ይህን የያዛችሁትን ወረቀት ካባዛንበት ዐይነት መሣሪያ የተለየ አልነበረም። በስቴንስል የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ሰም በተቀባው ስስ ወረቀት ላይ ሥዕል የሚወጣው በብረት እርሳስ እየተጫረ ነው። መስመሩ ከጠለቀ ስቴንስሉ ይቀደዳል፤ ሰፊ ቦታ ላጥቁር የሚል ሠዓሊም ቀለሙ ገጹን ሁሉ ያበላሽበታል። ከዚህ የተነሣ የፋንዚን ሠዓሊዎች በቀጭን መስመር ብዙ መናገርን ተማሩ። የማባዣ መኪና ለመግዛት ያልቻለው ደግሞ በጀላቲን በተሞላ ትሪ ላይ ወረቀቱን እያሳረፈ 50 ያህል ቅጂ ያወጣ ነበር። በ1939 በሎስ አንጀለስ ሬይ ብራድበሪ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት «ፊውቹሪያ ፋንታሲያ» የምትባል ፋንዚን እንዲሁ በስቴንስል አባዝቶ ማውጣት ጀመረ። አራት ቁጥር ብቻ ወጥታ ቆመች፤ ሽፋኗን የሣለላት ሐነስ ቦክ ግን በኋላ ከታወቁት የዘርፉ ሠዓሊዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ብራድበሪም በዚያው ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ የጓደኛውን ሥዕሎች ይዞ ለመጽሔት አዘጋጆች አሳየለት። ይህን ያደረገው ጓደኛው እንጂ ማስታወቂያ አስነጋሪ ነጋዴ አልነበረም።

ስለ አስተዳደር ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን በ1937 ዶናልድ ዎልሃይምና ጆን ሚሼል ያቋቋሙት የአማተር አሳታሚዎች ማኅበር ነው። ደንቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አባል የራሱን ገጾች በራሱ ወጪ ለአባላቱ በሚበቃ ቁጥር ያባዛል፤ ሁሉንም ለአንድ ተጠሪ ይልካል፤ ተጠሪውም የሁሉንም በአንድ ላይ ጠርዞ ለእያንዳንዱ ይመልሳል። የሚሸጥ የለም፤ የሚገዛም የለም። ምንም ሳያበረክት የሚቀመጥ ግን አባልነቱን ያጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን የጽዋ ማኅበር ሲጠጡ ተራ የደረሰው ሰው ዳቦውንና ጠላውን ያዘጋጃል እንጂ የማኅበሩን ድግስ ነጋዴ ደግሶላቸው አያውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለውም ለዚሁ ነው።

እነዚህ ወጣቶች የፖለቲካ ዓላማም ነበራቸው። በ1937 በፊላደልፊያ በተደረገ ስብሰባ ላይ ሚሼል የጻፈውን ንግግር ዎልሃይም አነበበው። ፋሺዝም በአውሮፓ በሚስፋፋበት ሰዓት ስለ መጪው ዘመን እያነበቡ ዛሬን ዝም ብሎ መመልከት አይገባም የሚል ነበር። ስብሰባው ሐሳቡን አልተቀበለውም። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ ሰዎች በኒው ዮርክ «ፊውቹሪያንስ» የተባለውን ቡድን መሠረቱ፤ ፍሬደሪክ ፖልና አይዛክ አሲሞቭም ከአባላቱ መካከል ነበሩ። በሐምሌ 1939 የመጀመሪያው የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ በከተማቸው ሲከፈት ግን፣ አዘጋጆቹ ይረብሹናል ብለው ዎልሃይምን፣ ሚሼልንና ፖልን ጨምሮ ስድስቱን ከበር መለሷቸው። ስለ መጪው የሰው ልጅ አንድነት የሚነገርበት አዳራሽ በሩን በስድስት ወጣቶች ላይ ዘጋ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የምናዝነው ለስድስቱ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1945 ፊውቹሪያንስ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው፣ ከፊሉ ዎልሃይምንና ሚሼልን ጨምሮ ሌሎቹን ከአባልነት ሰረዘ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። እንግዲህ ዓላማ ያለው ክበብ ሁለት ጠላት እንዳለው ከዚህ እንማራለን። አንደኛው ከውጭ በገንዘብ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እውነተኛው ባለ ዓላማ እኔ ነኝ» እያለ ከውስጥ በሩን የሚዘጋው ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር «ኒው ወርልድስ» የተባለውን መጽሔት ከ1964 ጀምሮ ማይክል ሙርኮክ ያዘጋጅ ነበር። መጽሔቱ በ1967 ከመንግሥት የጥበባት ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ አገኘ። በ1968 ግን በተከታታይ ባወጣው አንድ ልብ ወለድ ምክንያት ትልቁ የመጽሔት አከፋፋይ ድርጅት አልሸጥም አለ፤ የሕዝብ ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ለምን ይሰጣል የሚል ጥያቄም በፓርላማ ተነሣ። ሙርኮክ ሌሎች ልብ ወለዶችን በጥድፊያ እየጻፈ በሚያገኘው ገንዘብ መጽሔቱን ይደጉም ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ «ጋላክሲ» በተባለው መጽሔት ላይ የዘርፉ ጸሐፊዎች የቬትናምን ጦርነት በመደገፍና በመቃወም ሁለት የስም ዝርዝር አወጡ፤ ሁለቱም ገንዘብ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ነበሩ። የራሱ ገጽ የሌለው ሰው ኅሊናው የሚለውን ለመናገር እንኳ ገጽ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

ማስታወቂያ የሚያወጣው ሰው ይህን ሣሉ፣ ያንን ተዉ ብሎ አያዝም ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ማዘዝም አያስፈልገውም። እኛ በይሉኝታ ያደግን ልጆች ነን። እንጀራውን የበሉለትን ሰው በአደባባይ መንቀፍ በአገራችን ነውር ነው፤ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ አንዲት አባላችን ነገ የፋብሪካ ዝቃጭ ያጠቆረውን ወንዝ፣ በዳርቻውም የንጹሕ ውሃ ጠርሙስ በወርቅ የሚሸጥበትን ገበያ ሣለች እንበል። አዘጋጁ ሥዕሉን ገና ሳያይ የመጨረሻውን ገጽ ያስባል። «ለዚህ ቁጥር ባይሆን፣ ለሚቀጥለው» ይላታል። ማንም ሳይከለክለው ሥዕሉ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለው እገዳ ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው፤ ስለዚህም ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ከማስታወቂያ ነጻ መሆን ብቻውን ነጻነት አይደለም። መዋጮው ከበዛ ክበቡ የባለጸጋ ልጆች ክበብ ይሆናል፤ አንድ ባለ ገንዘብ አባል የሁሉን ቢከፍልም ያው ነጋዴው በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሠዓሊው ምን ይብላ የሚለውንም ጥያቄ ልናልፈው አይገባንም። ቀደም ብለን የጠቀስነው ሐነስ ቦክ በ1953 የመጀመሪያዎቹ የሁጎ ሽልማቶች ሲሰጡ ከተሸለሙት ሠዓሊዎች አንዱ ነበር፤ በ1964 የሞተው ግን በድህነት ነው። ሥዕሉን ሸጦ የሚኖርን ሰው ነጋዴ ሆነ ብሎ መንቀፍ ጭካኔ ይሆናል። ሠዓሊ የራሱን ሥራ መሸጡና ማኅበር የጋራ ገጹን መሸጡ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1960 በፒትስበርግ በተደረገው የዓለም ጉባኤ ላይ ቢጆ ትሪምብል የተባለች ሴት የሥዕል ትርኢት አዘጋጀች፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎች ሥራቸውን በጉባኤው ለወዳጆቻቸው የማሳየትና የመሸጥ ልማድ ጸና። ገንዘቡ ከተመልካች ወደ ሠዓሊ ይሄዳል፤ በመካከል ሸቀጡን የሚያስተዋውቅ ሦስተኛ ሰው የለም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ክበባችን አምስት ነገሮችን ለጉባኤው ያቀርባል።

አንደኛ፣ መጽሔታችን የማንንም ሸቀጥ ማስታወቂያ አትቀበል። ለነጋዴው ስለ ቅን ሐሳባቸው በደብዳቤ ምስጋና ይድረሳቸው፤ መጽሔቷም እንደ ማንኛውም አንባቢ ትላክላቸው።

ሁለተኛ፣ መዋጮ በገንዘብ ወይም በጉልበት ይሁን። ስቴንስል የጫረ፣ መኪናውን ያዞረ፣ ወረቀት የደረደረና የጠረዘ ሁሉ እንደ ከፈለ ይቆጠር፤ ድምፁም እኩል ይሁን። የተማሪዎች ማኅበሩን መኪና የምንገለገልበትንም ውለታ የማኅበሩን ጽሑፎች በማባዛት እንመልስ።

ሦስተኛ፣ ገቢና ወጪው በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ገጽ ላይ ይታተም። ለማስታወቂያ የተጠየቀው ገጽ ለሒሳብ ይዋል።

አራተኛ፣ ዓላማችን በአጭር ተጽፎ በግልጽ ይታወቅ። ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በድህነቱ የሚያዋርድ ሥዕል አናወጣም፤ ጉልበተኛን በመጠየቅ ግን ወደ ኋላ አንልም። ይህን የተቀበለ ሁሉ በሌላው ነገር ከእኛ ቢለይም አባል ይሁን። ማንም አባል ፊት ለፊት ተከስሶ፣ መልሱ ተሰምቶ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ካልተወሰነበት በቀር አይሰረዝ።

አምስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሥዕል ትርኢት ይዘጋጅ፤ ሠዓሊውም የሸጠውን ሙሉ ዋጋ ራሱ ይውሰድ።

በዚህ መንገድ ከሄድን መጽሔታችን ከ16 ገጽ ወደ 8 ገጽ መውረዷ አይቀርም። ይህን አንደብቃችሁም። ሽፋኗም ባለ አንድ ቀለም ይሆናል፤ አንዳንድ ወር ትዘገያለች፤ ጣታችንም ከቀለም አይጸዳም። ስምንቱ ገጽ ግን የእኛ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ያስተማሩን ወላጆቻችን ናቸው።

ኢትዮጵያ በ2019 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ ልካለች። የእኛ ልጆች ወደ ላይ ቀና ብለው የሚያዩት ሰማይ እንግዲህ ባዶ አይደለም። ከዚያ ከፍታ ወደ ታች ሲታይ የማን ማሳ ጎልቶ ይታይ፣ የማንስ ጎጆ ይረሳ የሚለውን በሥዕል የሚጠይቅ ትውልድ ያስፈልጋል። ይህን ለመጠየቅ ነጻ እጅና ጥቂት ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በመዋጮ እናገኘዋለን፤ እጃችን ነጻ መሆን አለመሆኑን ግን ዛሬ በምንሰጠው ድምፅ እንወስናለን።